ይለጠጣል

«ማዘር፣ ይለጠጣል!»

ባለፈው ታኅሣሥ በዚህች አንዲት ቃል ተታልዬ፣ ከአንድ ቡቲክ መጋረጃ ጀርባ ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ ጭንቅላቴ ቀሚስ ውስጥ ተቀብሮ፣ እንደ ተማረከ ወታደር ቆሜ ቀረሁ። ወደ ታች ስስበው ደረቴ ላይ ይቆማል፤ ወደ ላይ ስገፋው ትከሻዬ አላሳልፍም ይላል። ልጅቷ ከውጭ ሆና «ማዘር፣ እንዴት ነው፣ ልክ ሆነ?» ትለኛለች። ልክ መሆኑ ቀርቶ መተንፈሱም አልሆነልኝም።

«ነይ እስኪ ግቢ» አልኳት በጨርቁ ውስጥ።

ገባች። አየችኝ። ወጥታ ጓደኛዋን ጠራች። አንዷ ከላይ ይዛ፣ አንዷ ወገቤን ጨምድዳ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብለው ሲጎትቱ ከብብቴ ሥር «ጭርርር» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሦስታችንም ዝም አልን። የሆነ ሰው የሞተ ነው የሚመስለው።

የቀደደ ይከፍላል፤ ከፈልኩ። ያ ቀሚስ ዛሬ ቤቴ ውስጥ ሁለት የሶፋ ትራስ ያለብሳል፤ ትራሶቹ ላይ እንዴት እንደሚያምር! ልጅቷ ስትሸኘኝ እንኳ አቋሟን አልለወጠችም። «ጨርቁ እኮ ይለጠጣል ማዘር፤ እርስዎ ቸኩለው ነው» አለችኝ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ ጥር መጨረሻ ላይ ልትዳር ነበር። እኔ አክስቷ ነኝ። የሙሽራ አክስት ማለት ደግሞ በሠርግ ቪዲዮ ውስጥ ከሙሽሮቹ ቀጥሎ ብዙ ደቂቃ የምትታይ ሰው ናት፤ ቪዲዮ አንሺው የሚያነሳው ሲያጣ ካሜራውን የሚያሳርፈው ሰፊ ቦታ ላይ ነው። ለሠርጉ ዕለት አክስቶች በሙሉ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ዘመናዊ ቀሚስ እንዲለብሱ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ተወሰነ። ስድስት አክስቶች ነን። አምስቱ በሁለት ቀን ገዝተው ፎቶ ላኩ። ስድስተኛዋ ትራስ አለበሰች።

እንደኔ ያለ ሰው በእኛ አገር በአፍ ተበድሎ አያውቅም። ክረምቱ አልፎ ትምህርት ቤት ስንመለስ ባልደረቦቼ «ውይ፣ ወፈርሽ! እንዴት ተስማምቶሻል!» ይሉኛል፤ እኔም «ተመስገን» እላለሁ። ነፍሷን ይማርና እናቴ፣ ኮሌጅ ሳለሁ ቀጥኜ ብታየኝ ጎረቤት እስኪሰማ አልቅሳለች። ስሞቻችን ሁሉ ያማሩ ናቸው፦ ደልደል ያለች፣ ሞላ ያለች፣ የደላት። ቀጭን ሴት ግን «ምነው፣ ታመሽ ነበር?» ትባላለች። እንግዲህ ምላሱ እንዲህ ሲያሞግሰኝ ኖሮ ሱቁ መቼ ሃይማኖት እንደቀየረ አላውቅም። መንገድ ላይ «ተመችቶሻል!» ተብዬ፣ ሦስት እርምጃ ሄጄ ሱቅ ስገባ «ለልጅዎ ነው ማዘር?» እባላለሁ። ለራሴ መሆኑን ስናገር ልጅቷ ከላይ እስከ ታች ታየኝና ወደ ሻሽ መደርደሪያው ታመለክታለች። እውነቷን ነው፤ ሻሽ ልክ አይጠይቅም።

የመስኮቱ አሻንጉሊት ደግሞ ሌላ ጉድ ናት። ያቺ እግር እንጂ ራስ የሌላት ሴት ቀሚሱን ለብሳ ስትታይ ወገቧ ላይ ቁጭ ያለ፣ ዳሌዋ ላይ የፈሰሰ ይመስላል። አንድ ቀን ዞሬ ጀርባዋን አየሁት። ከማጅራቷ እስከ ወገቧ በመርፌ ቁልፍ ተቆንጥጣለች! ከፕላስቲክ የተሠራች፣ ቡና የማትጠጣ፣ ቁርስ የማትበላ ፍጡር እንኳ ያ ልብስ ልኳ አይደለም። እሷን ከኋላ ያጠቧታል፣ እኔን ከኋላ ይተረትሩኛል፤ በመሃላችን ልኩ የሚሆነው ሰው ማን እንደሆነ እስካሁን አላገኘሁትም።

ሙያዬ የሒሳብ መምህርነት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ደብተር ላይ ኤክስ ስጽፍ ኖሬ፣ ፈጣሪ ብድሩን አንገትጌዬ ላይ ከፈለኝ። ኤክስ ኤል። ሁለት ኤክስ ኤል። ሦስት ኤክስ ኤል። ከክፍሉ የመጨረሻ የወጣ ልጅ ደብተር ላይ እንኳ እንዲህ ተደርድሮ አይቼ አላውቅም። ያም ሆኖ ኤክሱ የታመነ ቢሆን ጥሩ ነበር። ዱባይ ተራ ያገኘሁት ሦስት ኤክስ፣ ቻይና ውስጥ ለቻይናዎች የተሰፋ ኖሮ፣ እኔ ላይ የልጅ ሹራብ ሆነ። ቁጥሩማ ባሰ። ጣሊያን 46 የምትለውን ፈረንሳይ 42፣ ጀርመን 40፣ እንግሊዝ 14 ትለዋለች፤ አንዱ ቀሚስ ነው። ተማሪዬ 46 = 42 = 40 = 14 ብሎ ጽፎ ቢያመጣልኝ ወላጅ አስጠራዋለሁ።

«ጥቁር ልበሺ፣ ጥቁር ያቀጥናል» ያለችኝ የእንግሊዝኛ መምህሯ ናት፤ ፊልም ታበዛለች። ሰማኋት። አንድ ጥቁር ቀሚስ ከነጥቁር ሹራቡ አግኝቼ ሰኞ ጠዋት ለብሼ ወጣሁ። የግቢው ዘበኛ ባርኔጣውን አወለቀ። የመምህራን ክፍል ስገባ ወሬው ቆመ። አንዷ ተነስታ አቅፋኝ «እግዚአብሔር ያጥናሽ፤ ምነው ሳታረጂን?» አለች። ማንም እንዳልሞተ ለማስረዳት እስከ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ፈጀብኝ፤ ዕድሩን የሚያስተባብሩት መምህር ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አላመኑኝም። ፈረንጅ ጥቁር ለብሶ ይቀጥን ይሆናል። እኛ አገር ጥቁር የለበሰች ወፍራም ሴት ቀጭን አትመስልም፤ ሐዘኗ ከባድ ይመስላል።

ከጥቁር ውጪ የሚቀርልን ደግሞ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ቡናማ፣ ወይም አበባ። የልብስ ነጋዴዎች ሴት ልጅ ከተወሰነ ኪሎ በላይ ስትሆን አትክልት ቦታ መሆን እንደምትፈልግ ተስማምተዋል መሰለኝ፣ አበባው ትሪ ያክላል። ከአበባው ስሸሽ የነብር ቆዳ ያለው ታይት ገጠመኝ፤ ይለጠጣል ተብዬ ለበስኩት፤ በእርግጥም ተለጠጠ፤ ነብሩ ቀጭኔ ሆነ።

የመርካቶን ነገር ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር መታመን አለበት። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው። ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ ይህን የሚያከብር ቦንዳም የለም። እኔም እንደ ሕግ አክባሪ ሰው ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ሄድኩ። ሰልባጅ የሚፈታበት ቦታ እንደደረስኩ ከክምሩ ላይ አንድ ወጣት «ቲቸር! ለቲቸር በቅናሽ ነው!» ብሎ ጮኸ። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። ያኔ መቀነስ አይችልም ነበር፤ አሁን ግን በደንብ ይቀንሳል።

እዚያ ክምር ውስጥ አንድ ካፖርት አገኘሁ። እስቲ ስለዚህ ካፖርት ትንሽ ታገሱኝ። ገበር አለው፤ ያውም እጅጌው ውስጥ ድረስ የሚዘልቅ፣ እጅ ሲገባ የሚንሸራተት ገበር። ስፌቱ ውስጥ ለውስጥ ተዘምዝሟል፣ የተንጠለጠለ ክር የለውም። ከጎን በኩል፣ ውስጥ፣ ምናልባት አንዱ ቢጠፋ ተብላ አንዲት ትርፍ ቁልፍ ተሰፍታለታለች። ለበስኩት፤ ትከሻው ትከሻዬ ላይ ቁጭ አለ፣ ደረቱ ተዘጋ፣ ስቀመጥም አልተከፈተም። የሆነች የማላውቃት፣ ባሕር ማዶ ያለች፣ የእኔን የምታክል ሴት ይህን ለብሳ ብርዱን አሳልፋለች። እጄን ኪሱ ውስጥ ስከት የከረሜላ ወረቀት አገኘሁ። እህቴ መሆኗን ያን ጊዜ አረጋገጥኩ።

ችግሩ ካፖርት ለብሶ ሠርግ አይኬድም።

ልክ የሆነ ልብስ አገር ውስጥ አይሰፋም እንዳትሉኝ። ሐምሌ 2008 ዓ.ም የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ የጎረቤቴ ልጅ ብዙም ሳይቆይ እዚያ ሥራ አገኘች። ሥራዋ ሸሚዝ ላይ እጅጌ መግጠም ብቻ ነበር፤ ጠዋት እጅጌ፣ ከሰዓት እጅጌ። ለፋሲካ ስትመጣ «እትዬ፣ የአሜሪካኖቹን ሦስት ኤክስ ብታዪው! አንዱ እጅጌ ውስጥ እኔ ሙሉ በሙሉ እገባለሁ» አለችኝ። ልቤ ዘለለ። «ታዲያ አንድ አታመጪልኝም?» «ኧረ ሁሉም ለውጭ ነው፤ ስንወጣም እንፈተሻለን።» ከቤቴ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በእኔ አገር ልጅ እጅ፣ በእኔ ልክ ይሰፋል፤ እኔ ግን አላገኘውም። በዓመቱ ሜሪላንድ የምትኖረው ያክስቴ ልጅ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዋን ሞልታ መጣችና ከአንዱ ሥር የሚያምር ሸሚዝ አውጥታ ሰጠችኝ። ልክክ አለ። አንገትጌው ላይ ያለውን ጽሑፍ በመነጽሬ ሳነበው «በኢትዮጵያ የተሠራ» ይላል። ዞሮ ዞሮ ከቤት። አሁን እሱም ቀርቷል፤ አሜሪካ በፈረንጆቹ 2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃው ገበያዋ፣ ስታስወጣ የጎረቤቴ ልጅም ከሥራ ወጥታ ሰፈር ተመለሰች።

ለመልሱ የሚሆን የሐበሻ ቀሚስ ፍለጋ ሽሮ ሜዳ መሄዴ አልቀረም። እዚያ እንኳ አላፍርም ብዬ ነበር፤ ሴት አያቴ ከእኔ ትሰፋ ነበር፣ አንድም ቀን ግን ልብስ ጠበበኝ ስትል አልሰማሁም። የእሷ ቀሚስ ልክ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ሰፊ ሸማ ነው፣ ልኩ መቀነቱ ነው። ስትወፍር መቀነቷን ታላላለች፣ ስትከሳ ታጠብቃለች፣ ስታረግዝ ከፍ ታደርጋለች፣ ገበያ ስትሄድ ገንዘቧን ትቋጥርበታለች። ዛሬ ግን ጥለቱ ያው ሆኖ ጀርባው ላይ ዚፕ ተተከለበት። መቀነት ማለት እንደ አክስት ነው፣ አይቶ ያልፋል። ዚፕ ዳኛ ነው። ሦስት ቀሚስ ሞከርኩ፤ በሦስቱም ችሎት ወገቤ ላይ ተፈረደብኝ። ሻጭዋ በመጨረሻ፣ ምክር መሆኑ ነው፣ «ሁዳዴ ካለፈ በኋላ ቢመጡስ?» አለችኝ። ሠርጉ ከሁዳዴ በፊት መሆኑን ብነግራትም ጥቅም የለውም፤ ደግሞም የእኔ ሰውነት ጾም አያውቅም። 55 ቀን ፓስታ፣ ድንች፣ የጾም ኬክና ማታ ማታ ሱፍ ፍትፍት እየበላ ማን ቀንሶ ያውቃል? ቁምሳጥኔ ውስጥ «ከፋሲካ በኋላ» እየተባሉ የተሰቀሉ ሦስት ሱሪዎች አሉ። ስንት ፋሲካ እንዳለፈባቸው የሚያውቀው ብሉ ብቻ ነው።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሽንፈቴን ተቀብዬ ጨርቅ ገዛሁና ታክሲ ተራው አጠገብ ወዳሉት ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ከመጀመሪያው ለምን አልሄድሽም ትሉኝ ይሆናል። ምክንያት አለኝ፤ አሁን ትሰሙታላችሁ።

ጋሼ ጨዋ ሰው ናቸው። ሴት ሲለኩ አይነኩም። ሜትሩን ከኋላዬ ወርወር አድርገው በሌላ እጃቸው ሊቀልቡት ይሞክራሉ። በቀጭን ሴት ላይ ይህ ያምራል። እኔ ላይ ሁለት ጊዜ ሞክረው ሜትሩ ሁለት ጊዜ መሬት ወደቀ። በመጨረሻ አንዱን ጫፍ እሳቸው ይዘው ሌላውን ለረዳታቸው ሰጡት፤ ልጁ እንደ ደመራ ዞረኝ። ይህ ሁሉ የሆነው ደጃፍ ላይ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ለመኪናዋና ለሁለት ሰው እንጂ ለእኔ ቦታ የለም። ፊት ለፊታችን የታክሲ ሰልፍ አለ፤ አጠገባችን ሊስትሮ። ጋሼ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ብሏልና፣ የሚናገሩት ሌላውም እንደሳቸው የማይሰማ እየመሰላቸው ነው።

«ትከሻ! አርባ አራት!»

ልጁ ይጽፋል።

«ደረት! መቶ አሥራ ስምንት!»

ሊስትሮው ብሩሹን አቆመ።

«ዳሌ! መቶ ሃያ ስምንት!»

«ስንት አሉ ጋሼ?» አለ ልጁ።

«መቶ፣ ሃያ፣ ስምንት!» አሉ፣ ጠቅላላ ሰልፉ እንዲሰማ።

ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ዘንቢል የያዙ እናት ወደ እኔ ጠጋ ብለው በትሕትና ጠየቁኝ። «ልጄ፣ 128 ቁጥር አውቶቡስ በየት በየት ነው የሚሄደው?»

ሜትሩ 150 ሳንቲም ነው። 22 ሳንቲም ይተርፋል። ያን ቀን በሕይወቴ ያጽናናኝ መቀነስ ይህ ብቻ ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ የልክ ነገር ከየት እንደመጣ ማንበብ ጀመርኩ፤ የተናደደ የሒሳብ መምህር የሚያደርገው ይህን ነው። በፈረንጆቹ 1939 እና 1940 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን አስለክቶ ነበር። ስንት ቦታ? 59 ቦታ! እኔ ሦስት ቦታ ተለክቼ የታክሲ ሰልፍ ተበተነ፤ 59 ቢሆን ኖሮ ሬድዮ ላይ እወጣ ነበር። ከዚያ ልኬት ተነስተው በ1958 የሴቶች ልብስ የልክ መመዘኛ አወጡ። በስሌቱ ውስጥ የገቡት ግን ነጮቹ ብቻ ናቸው፤ የሌሎቹ ተለክቶም ተጣለ። መመዘኛው ራሱ በ1983 ተሰረዘ። ናሙናው የተበላሸ ጥናት ብዬ ተማሪዎቼን የማስተምራቸው ምሳሌ ሳጣ የኖርኩት፣ ለካ ለብሼው ነው የምሄደው። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ክራቸውን እያስገቡ ሳቁና ከዚህ ሁሉ ወረቀት የሚበልጥ ነገር ተናገሩ።

«ቲቸር፣ ፋብሪካ ሰውን እንደ ፊኛ ነው የሚያየው፤ ሲነፋ በሁሉም በኩል እኩል የሚያድግ ይመስለዋል። ሰው ግን እንደ ድፎ ዳቦ ነው፤ የሚነሳው መሃሉ ነው። ትከሻ አይወፍርም። ክንድ አይረዝምም።»

ሃያ ሁለት ዓመት ስለ ተመሳሳይ ምስሎች አስተምሬ ይህ አልገባኝም ነበር። ፋብሪካው የቀጭኗን ሴት ልክ ይወስድና ያባዛዋል። ለዚህ ነው ወገቡ የበቃኝ ልብስ ሁሉ እጅጌው ጣቴን የሚሸፍነው፣ ትከሻውም ክርኔ ጋ የሚወርደው፤ በእነሱ ስሌት ስወፍር ቁመቴም ሁለት ሜትር ከአሥር ገብቷል።

ጋሼን ግን መልአክ አላደርጋቸውም። «ማክሰኞ» ያሉኝ ማክሰኞ ሦስት ጊዜ አለፈ። አንዴ ክር አልቆ፣ አንዴ ለቅሶ ደርሰው፣ አንዴ ደግሞ ሳያፍሩ «ልጁ ደብተሩን ጣለው» ብለው። ደብተሩ ግን አላስፈለገም፤ «ዳሌ» ሲሉ ሊስትሮው ከደጅ ሆኖ ነገራቸው። በሠርጉ ዋዜማ ማታ መብራት ጠፋ። ደግነቱ መኪናቸው በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር ነው፤ እኔ የስልኬን መብራት ይዤ፣ እሳቸው እየረገጡ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሲሆን ተሰጠኝ።

ለበስኩት። ደረቱ ላይ ሁለት ቀጭን እጥፋት ይዘውለታል፣ ወገቡ ላይ ሳይጨብጠኝ ተከትሎኝ ይወርዳል፣ እጅጌው አንጓዬ ላይ ያበቃል። ኪስ አለው! ሳልጠይቃቸው ኪስ አበጁለት። ስልኬን ከተትኩበት፣ ደግሞ አወጣሁት፣ ደግሞ ከተትኩት።

«ውስጡ ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ ትቻለሁ» አሉ ጋሼ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ምናልባት ብዬ ነው።»

«ምናልባት ምን ጋሼ?»

«ምናልባት» አሉና መብራቱን እንድመልስላቸው ጠየቁኝ።

በሠርጉ ቪዲዮ ውስጥ አሥራ አንድ ደቂቃ አለሁ፤ ቆጥሬዋለሁ። አምስቱ አክስቶች ቀሚሳቸውን ከኋላ ወደ ታች እየጎተቱ ሲጨፍሩ እኔ ሁለት እጄን ኪሴ ከትቼ እታያለሁ። ታላቅ እህቴ «ምነው፣ ከሳሽ እንዴ? አሞሽ ነበር?» ብላ ደነገጠችልኝ።

ከዚያ መልሱ መጣ፤ ከመልሱ ቅልቅሉ፤ ከቅልቅሉ በኋላ ደግሞ ሙሽሮቹን ያልጠራ ዘመድ የለም፣ አክስት ደግሞ ትከተላለች። ቅበላም አለ። ሁዳዴውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አረንጓዴ ጨርቅ ይዤ ወደ ጋሼ ተመለስኩ። ያለፈውን ልክ ይጠቀሙበት ብላቸው «አይሆንም፤ ልብስ በትዝታ አይሰፋም» አሉ። ልጁ ዞረኝ። ጋሼ ሜትሩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ፣ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩ።

«ዳሌ! መቶ ሠላሳ አንድ!»

ሊስትሮው ከሳጥኑ ላይ ቀና አለ።

«ቁጥሩ ተቀየረ እንዴ?»